«ኤ20 መስመርን መቆጣጠር አልተቻለም» የሚል 486፦ ጥፋቱ የሃይሜም ነው የማዘርቦርዱ?

#1 ሰማንያ_ስድስት

ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ 486 ዲኤክስ2-66 ነው፤ ራሙ 16 ሜጋባይት (ባለ30 እግር ሲም፣ 4 ፍሬ ባለ4 ሜጋባይት)፣ ባዮሱ የ1993 አሚ። ኤምኤስ-ዶስ 6.22 ከፍሎፒ ይነሳል፣ ባዮስም ራሙን እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። ሃይሜም.ሲስ (ከ1 ሜጋባይት በላይ ያለውን ራም ለዶስ የሚከፍተው ድራይቨር) ሲጫን ግን፦

ስህተት፦ ኤ20 መስመርን መቆጣጠር አልተቻለም!

ይላል። ዶስ እንዳለ በመጀመሪያው 640 ኪሎባይት ራም ውስጥ ይቀመጣል፣ ዊንዶውስ 3.11 ጨርሶ እምቢ አለ። ሃይሜምን ከሌላ ዲስክ አመጣሁ፣ ያው ነው። ሲሞቹን አቀያየርኩ፣ ያው ነው። ኪቦርዱም አንዳንዴ ሲነሳ «ኪቦርድ የለም» ይላል፤ እሱ ግን በእርጅናው ይመስለኛል። የሃይሜም ሥሪት ነገር ይሆን?

#2 ካውያ

ሃይሜምን ተወው፣ ኪቦርዱንም ተወው። ሁለት ያልካቸው ችግሮች አንድ ናቸው። ኪቦርዱ ከሚሰካበት አጠገብ በርሜል የመሰለ፣ 3.6 ቮልት የሚል ባትሪ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ታያለህ? ካለ ማሽኑን አጥፋና ዙሪያውን በባትሪ መብራት እይ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሌላ አትፈልግ።

ኪቦርድና ሜሞሪ ምን አገናኛቸው ካልክ፦ የድሮው ፕሮሰሰር 8086 ያሉት የአድራሻ (የራም ቦታ መጥሪያ) መስመሮች 20 ናቸው፣ ከኤ0 እስከ ኤ19። 1 ሜጋባይት ሲሞላ ዞሮ ዜሮ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ መዞር የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ነበሩ። አይቢኤም በ1984 ኤቲ የተባለውን ፒሲ በ80286 ፕሮሰሰር ሲሠራ መስመሮቹ 24 ሆኑ። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ 21ኛው መስመር ላይ፣ ማለትም ኤ20 ላይ፣ በር ተደረገበት። ቁልፉ የተሰጠው ደግሞ ትርፍ እግር ለነበረው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ፣ ለ8042 ነው። ሃይሜም ሲጫን መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን በር ከፍቶ ዘግቶ ማየት ነው። ካልታዘዘለት ከ1 ሜጋባይት በላይ ባለው ራም ላይ እጁን አያስገባም።

ካቻቪቴ ሳታነሳ መለየት ትችላለህ። ኮንፊግ.ሲስ (ዶስ ሲነሳ የሚያነበው የማዋቀሪያ ፋይል) ላይ እንዲህ አድርግ (ትእዛዞቹን እዚህ በፊደል እጽፋለሁ፣ ስትተይብ በላቲን ነው)፦

ዲቫይስ=ኤ:\ሃይሜም.ሲስ /ማሽን:2

ቁጥር 1 በኤቲ መንገድ፣ በ8042 በኩል ይሄዳል። ቁጥር 2 የፒኤስ/2 መንገድ ነው፤ በፖርት 92 በኩል ቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና መቆጣጠሪያ ቺፖች) በቀጥታ ያዛል፣ ኪቦርድ መቆጣጠሪያውን አይነካም። በ1 ወድቆ በ2 ካለፈ ራሙም ፕሮሰሰሩም ደህና ናቸው፣ የተበጠሰው የ8042 መንገድ ነው።

#3 ቢትና_ባይት

ባዮስ ሴትአፕ ውስጥ «ጌት ኤ20» የሚል ምርጫ ካለ መጀመሪያ «ፋስት» ላይ አድርገው። ባትሪው ከሞተ ግን ሲጠፋ ይረሳዋል፣ ስለዚህ ለፈተና ብቻ ነው።

#4 ሰማንያ_ስድስት

ጋሽ ካውያ፣ እንዳሉት ሆነ። በ/ማሽን:2 ሃይሜም ያለ ስህተት ተጫነ። ባትሪው ሥር አረንጓዴ አለ፤ ኪቦርድ ሶኬቱ ዙሪያና አንድ ረጅም ባለ40 እግር አይሲ ሶኬት ጫፍ ድረስ ሄዷል። በ/ማሽን:2 መቀጠል ይቻላል?

#5 ካውያ

አይቻልም። ዛሬ የተበጠሰው የኤ20 መስመር ነው፤ ነገሩ መዳቡን መብላቱን አያቆምም። በሚቀጥለው ኪቦርዱ ጨርሶ ይሄዳል፣ ከዚያ ካርዶች የሚሰኩባቸው የአይሳ ማስገቢያዎቹ።

ብዙ ሰው «የባትሪ አሲድ» ይለዋል። የእነዚህ ባትሪዎች ፈሳሽ አሲድ አይደለም፣ ተቃራኒው ነው፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ስለዚህ ለመኪና ባትሪ እንደሚደረገው ቤኪንግ ሶዳ ብታፈስበት ምንም አትጠቅመውም። የሚፈልገው አቼቶ ነው፣ ነጩ።

ባትሪውን በኒፐር ቁረጥና አውጣ፤ ሁለቱን እግሮች በካውያ ኋላ ታወጣቸዋለህ። ፈሳሹ የነካቸውን በሶኬት የተቀመጡ አይሲዎች ሁሉ ንቀል፣ 8042ን ጨምሮ፤ ሶኬቱ ሥር ገብቶ ይቀመጣልና። ከዚያ አቼቶውን በጥጥ ዱላ ቀባ፣ አረፋ ያወጣል። አረፋው ፈሳሹ ከአየር ጋር ቆይቶ ወደ ካርቦኔት ስለተቀየረ ነው፤ አረፋ መቆሙ የምታየው ምልክትህ ነው። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ፣ አንድ ሁለቴ ድገም። አቼቶውም ራሱ መዳብ ስለሚበላ ላዩ ላይ አታሳድረው፤ በተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ) እጠብ፣ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ውሃውን አስወጣ፣ አንድ ቀን ሙሉ አድርቅ። ጓንትና መነጽር አድርግ።

ጥቁር የመሰለ መስመር ካየህ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የሞተ መዳብ ነው። በፋይበርግላስ ብሩሽ እስኪያበራ ጥረገውና ስታኞ ቀባው። ጥቁሩ ካልለቀቀ ስታኞ አይይዝም፤ ያን ጊዜ ሽቦ ነው መፍትሔው።

#6 መዳብ

ከማጠቡ በኋላ በዓይን ማየት አይበቃም፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው ፊት የሚያልፉት ቀዳዳዎች (ቪያዎች) ውጫቸው ጤነኛ መስሎ ውስጣቸው ይበጠሳል። ቴስተሩን ቢፕ ላይ አድርገህ እነዚህን ለካ።

ባለ5 እግሩ ክብ የኪቦርድ ሶኬት፦ 1 ክሎክ፣ 2 ዳታ፣ 4 ግራውንድ፣ 5 ደግሞ +5 ቮልት ነው። 8042 ላይ እግር 40 +5 ቮልት፣ እግር 20 ግራውንድ። የኪቦርድ ክሎክ ወደ እግር 1፣ ዳታው ወደ እግር 39 ይገባል። እግር 21 ፕሮሰሰሩን እንደ አዲስ የሚያስጀምር ሪሴት ነው፣ እግር 22 ደግሞ ኤ20። አንተ የምትፈልገው 22ን ነው፦ ከሶኬቱ ተነስተህ መስመሩን ተከተል፣ እያንዳንዱ ቪያ ላይ ቆም እያልክ ቢፕ አስብለው።

በክሎክና በዳታ መስመር መካከል ትንሽ ፌራይት ስላለች ሁለት ሦስት ኦም ብታይ አትደንግጥ። ከ+5ቱ ጋር ደግሞ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ ትንሽ ፊውዝ አለች፤ ኪቦርድ ማሽኑ በርቶ እያለ ሲነቀልና ሲሰካ የምትቃጠለው እሷ ናት። የኤቲ ኪቦርድ በበራ ማሽን ላይ አይነቀልም።

ለተበጠሰው ባለ30 ቁጥር ሽቦ (0.25 ሚሊሜትር) ይበቃል። ከቪያ ወደ ቪያ አትበይድ፤ ከአይሲ እግር ወደ አይሲ እግር ውሰደው፤ የበሰበሰ ቪያ ነገ እንደገና ይለቃል።

#7 አምስት_ቮልት

ሁሉም ስለ ባትሪ ያወራል፣ ፓወሩን ግን ማንም አልጠየቀም። ለዓመታት ያልበራ ፓወር ሰፕላይ ሳይለካ ማዘርቦርድ ላይ አይሰካም። ያለ ጭነት መለካትም አይበቃም፤ አንዳንዱ ጭነት ከሌለው አይነሳም፣ አንዳንዱ ይነሳና የውሸት ቮልት ያሳያል። የማታዝንለት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክተህ ቀዩን ለካ፦ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6። ብርቱካናማው «ፓወር ጉድ» ነው፣ ከበራ በኋላ ከአፍታ ቆይታ ወደ 5 ቮልት መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ማዘርቦርዱ በሪሴት ላይ ይቆያል፣ ሰውም ማዘርቦርዱ ሞቷል ይላል።

ከፓወሩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት ማገናኛዎች፣ ፒ8 እና ፒ9፣ ሲሰኩ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። ተገላብጠው ሊገቡ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ 5 ቮልቱ ግራውንድ ላይ ይወድቃል፤ ያ ማዘርቦርድ ለዕቃ መፍቻነት ብቻ ይቀመጣል።

ሣጥኑን ከፍታችሁ ለምትነካኩ፦ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ገመዱ ተነቅሎም ወደ 300 ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ከመብራት መስመሩ ጋር ያለው ቢጫ ግልጽ፣ ላዩ የተሰነጣጠቀ የወረቀት ካፓሲተር ካለ ሳታበሩ ቀይሩት። በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፣ በበራ በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን በጭስ ይሞላል። በምትኩ ኤክስ2 የሚል ደረጃ ያለው፣ ያው ማይክሮፋራድ፣ ፖሊፕሮፒሊን። ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ አይገባም።

#8 ዳግም_ማስነሻ

እኔ ካፓሲተሮቹ በሙሉ ሳይቀየሩ አላበራም። ማዘርቦርዱንም ጨምሮ።

#9 ካውያ

በዚህ አንስማማም። የ486 ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ጥቂት ባለረጅም እግር ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው፤ ባለብዙ ንብርብር ሰሌዳ ላይ በደካማ ካውያ 10 ካፓሲተር መንቀል የሚያመጣው ጉዳት ካፓሲተሮቹ ከሚያመጡት ይበልጣል። ሳይጠየቅ መቀየር ያለበት ሌላ ነው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተበየዱት ትንንሽ የቆርቆሮ ካፓሲተሮች። ማኪንቶሽ ኤስኢ/30፣ አሚጋ 600፣ 1200 እና 4000 ላይ ያሉት ሁሉ ያፈሳሉ፣ የሚያፈሱትም መዳብ ይበላል። በ2000 አካባቢ የተሠሩ የፔንቲየም 3 እና 4 ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ አናታቸው ያበጠ ካለ መቀየር ነው። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲና ኤክስቲ ላይ የሚገድለው ሌላ ነው፦ 12 ቮልት መስመር ላይ ያለ ታንታለም ካፓሲተር። ሾርት ይሆንና ፓወሩ ጭራሽ አይነሳም።

#10 ዳግም_ማስነሻ

ጥሩ ካውያ ላለው ሰው ግን ያው ነው እላለሁ። ለጀማሪ ያልከውን እቀበላለሁ።

#11 ሰማንያ_ስድስት

ታጠበ፣ ደረቀ። ፓወሩ 5.06 እና 11.9 ነው። ከእግር 22 የሚወጣው መስመር ሁለተኛው ቪያ ላይ ተበጥሷል፣ ከላይ ቢፕ ይላል፣ ከታች ዝም። ከ8042 እግር እስከ ቺፕሴቱ እግር ሽቦ ተበየደ። ሃይሜም ያለ ምንም /ማሽን ተጫነ፣ ኪቦርዱም ከ20 ጊዜ ማስነሳት አንዴም አልጠፋም።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው፦ ምን ባትሪ ላድርግ? ሃርድ ዲስኩ ስለሚያቃስት በኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ልተካው አስቤያለሁ፣ ምን ልጠንቀቅ?

#12 መዳብ

ባትሪው በቦታው አይመለስ። ባለ4 እግር «የውጭ ባትሪ» ማገናኛ ካለህ 3 ተራ ባለ1.5 ቮልት ባትሪ በመያዣ አድርገህ፣ ከማዘርቦርዱ ርቆ ሣጥኑ ላይ እሰር። 1 ፖዘቲቭ፣ 4 ኔጌቲቭ ነው፤ ጃምፐሩንም ወደ ውጭ ባትሪ ቀይር።

ማገናኛው ከሌለ የሲአር2032 (ባለ3 ቮልት ሊቲየም ሳንቲም ባትሪ) መያዣ በአሮጌው ቦታ መበየድ ይቻላል፤ ነገር ግን ማዘርቦርዱ የድሮውን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ስለነበር ሊቲየሙንም ቻርጅ ሊያደርገው ይሞክራል። ሊቲየም ሳንቲም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈነዳ ይችላል። በፖዘቲቩ ላይ ዳዮድ በተከታታይ አስገባ፣ መስመሯ ያለበት ጫፍ ወደ ማዘርቦርዱ። ሾትኪ የሚባለው፣ ጥቂት ቮልት ብቻ የሚበላው ዳዮድ ይሻላል፤ ተራው ዳዮድ 0.6 ቮልት ስለሚበላ ከ3ቱ የሚተርፈው 2.4 ለአንዳንድ ማዘርቦርድ አይበቃም። ስትጨርስ ባትሪውን ሳታስገባ ማሽኑን አብራና መያዣው ላይ ለካ፤ ቮልት ካለ ዳዮዱ ተገልብጧል።

ባትሪ የማይታይባቸው፣ በምትኩ «ዳላስ» የሚል ጥቁር ወፍራም ጡብ ያላቸው ማዘርቦርዶች ባትሪው ጡቡ ውስጥ ነው። እዚያ የጎኑን ፕላስቲክ ፍቆ ከእግር 16 (ኔጌቲቭ) እና ከእግር 20 (ፖዘቲቭ) የውስጡን ባትሪ ቆርጦ ከውጭ 3 ቮልት ማገናኘት ነው።

#13 ቢትና_ባይት

ፍላሹ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አስማሚው (አዳፕተሩ) ኤሌክትሮኒክስ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ካርዱ ራሱ የሃርድ ዲስኩን ቋንቋ፣ አይዲኢን፣ ይናገራል። የሚያጠምድህ የባዮሱ ወሰን ነው። የ1993 ባዮስ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ድረስ ብቻ ያውቃል። በ512 ባይት ሲባዛ 528,482,304 ባይት፣ ማለት 504 ሜጋባይት። ከዚያ የበለጠ ካርድ ብታስገባ ወይ ትርፉን አያየውም ወይ ማሽኑ ይቆማል።

ቀላሉ መንገድ ባለ256 ወይም ባለ512 ሜጋባይት ካርድ ነው። ለዶስና ለዊንዶውስ 3.11 ሰፊ ነው፣ ክላስተሩም (ለአንድ ፋይል የሚሰጠው ትንሹ ቦታ) 8 ኪሎባይት ላይ ይቀራል፤ እስከ 2 ጊጋባይት ብትሄድ 32 ኪሎባይት ይሆናል፣ እያንዳንዱ ትንሽ ፋይል ያን ያህል ይበላል። ትልቅ ካርድ ካማረህ ኤክስቲ-አይዲኢ ዩኒቨርሳል ባዮስን (ትልልቅ ዲስኮችን የሚያውቅ ተጨማሪ ባዮስ) 8 ኪሎባይት ሮም ላይ ጽፈህ የአይሳ ኔትወርክ ካርድ ቡት ሮም ሶኬት ውስጥ ሰካው። ሮሙ ላይ ከመጻፍህ በፊት በራሱ ማዋቀሪያ ፕሮግራም ክፈተውና መጠኑን አስተካክል፣ ቼክሰሙን (ሮሙ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበትን ድምር) አስመዝግብ፤ ቼክሰሙ የተሳሳተ ሮምን ማዘርቦርዱ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተትም አይነግርህም።

ካርዱን ስታዘጋጅ ኤፍዲስክ፣ ከዚያ ፎርማት ሲ: /ኤስ። አልነሳም ካለ ኤፍዲስክ /ኤምቢአር፤ ከካሜራ የመጣ ካርድ የመጀመሪያው ሴክተር ላይ ማስነሻ ኮድ የለውም፣ ኤፍዲስክም አሮጌ ሠንጠረዥ ካገኘ ኮዱን አይጽፍበትም። ማሽኑ በርቶ ካርዱን አትንቀል።

ዊንዶውስ 3.11 ላይ «32 ቢት ዲስክ አክሰስ»ን ዝጋው። አብሮት የሚመጣው ድራይቨር ባዮሱ የተረጎመውን ዲስክ አያውቅም። «32 ቢት ፋይል አክሰስ»ን ግን ክፈተው፣ ፍጥነቱ ያለው እሱ ላይ ነው።

#14 አስመሳይ

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? በ86ቦክስ (የድሮ ፒሲ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ዶሱንና ዊንዶውሱን አዘጋጅቶ የዲስኩን ምስል ካርዱ ላይ እንዳለ መገልበጥ ነው።

#15 ቢትና_ባይት

ይሠራል፣ የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሩ አንድ ከሆነ ብቻ። ማስነሻ ሴክተሩ ውስጥ ሄድና ሴክተር ተጽፈው ይቀመጣሉ። 86ቦክስ ላይ 16 ሄድ ብለህ ሠርተህ እውነተኛው ማሽን 8 ብሎ ካነበበው ዶስ የመጀመሪያውን ፋይል ያገኝና ሁለተኛውን ያጣዋል፤ ማሽኑ «ዶስን በማስነሳት ላይ» ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ካርዱን እውነተኛው ማሽን ላይ አስገባ፣ ባዮሱ ራሱ ፈልጎ የሰጠውን 3 ቁጥር ጻፍ፣ ከዚያ በእነዚያው ቁጥሮች ምስሉን ፍጠር። ኮንፊግ.ሲስን ለመፈተን ግን አስመሳይ ማሽን ወርቅ ነው፤ ፍሎፒ መለዋወጥ ይቀራል።

#16 ሰማንያ_ስድስት

512 ካርድ ገብቷል፣ ይነሳል። ኔትወርክ ካርድ ላይ ያለውንም ሮም ሞከርኩ፣ አድራሻው ሲ800 ነው። አሁን ኢኤምኤም386 (ከ640 ኪሎባይት በላይ ያለውን ባዶ አድራሻ ለዶስ የሚያዘጋጀው ድራይቨር) ሲጨመር አልፎ አልፎ ይቆማል። የድምፅ ካርዱ ሳውንድ ብላስተር 16 ነው፣ የቀድሞው ባለ ጃምፐር።

#17 ዳግም_ማስነሻ

ኢኤምኤም386 ያንን ሮም ባዶ ቦታ አድርጎት ይሆናል። 8 ኪሎባይቱን አስከልክል፦

ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ሃይሜም.ሲስ /ቴስትሜም:ኦፍ
ዲቫይስ=ሲ:\ዶስ\ኢኤምኤም386.ኢኤክስኢ ኖኢኤምኤስ ኤክስ=ሲ800-ሲ9ኤፍኤፍ
ዶስ=ሃይ,ዩኤምቢ
ፋይልስ=30
ባፈርስ=20

ዊንዶውስ በራሱ ስለሚያስብ እሱም ይነገረው፦ ሲስተም.አይኤንአይ ውስጥ 386ኢኤንኤች በሚለው ክፍል ሥር ኢኤምኤምኤክስክሉድ=ሲ800-ሲ9ኤፍኤፍ። ኢኤምኤስ (የድሮ ፕሮግራሞች ተጨማሪ ራም የሚያገኙበት ዘዴ) የሚጠይቅ ጨዋታ ካለህ «ኖኢኤምኤስ»ን ወደ «ራም» ቀይር፤ 64 ኪሎባይት ላይኛ ሜሞሪ ትከፍልበታለህ። ሁለቱንም ከፈለግህ በዶስ 6 የተጨመረውን የማስነሻ ምርጫ ዝርዝር ተጠቀም።

ለድምፁ አውቶኤክስኢሲ.ባት ላይ፦ ሴት ብላስተር=ኤ220 አይ5 ዲ1 ኤች5 ቲ6። አይ7 አታድርገው፣ የፕሪንተሩ ፖርት የሚጠቀመው እሱን ነው። ድምፁ አንዴ ወጥቶ ወይም ያቺኑ ቁራጭ እየደጋገመ ከቀረ አይአርኪው (አይ5 ያልኩት፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ቁጥር) ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ጨርሶ ካልወጣ ግን ዲኤምኤውን (ዲ1 እና ኤች5ን) እይ።

#18 አምስት_ቮልት

አንድ ነገር ከመረሳቱ በፊት። ዲኤክስ2-66ን በዲኤክስ4-100 ልቀይር የምትሉ አትቀሩም። ዲኤክስ2 በ5 ቮልት ነው፣ ዲኤክስ4 በ3.3። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ጃምፐሩ ካልተቀየረ ይቃጠላል። የማዘርቦርዱ ማኑዋል ላይ 3.3 የሚል ከሌለ ቮልቴጅ መቀነሻ ያለው አስማሚ ያስፈልጋል። የኤኤምዲ 5x86-133 በ3.45 ነው፤ ጃምፐሩን 2 እጥፍ ላይ ስታደርገው እሱ 4 እጥፍ ብሎ ይረዳል፣ 33 ሲባዛ በ4።

#19 ሰማንያ_ስድስት

መቆሙ ቀረ፣ ድምፁም ሠራ። ሜም /ሲ ላይ ለፕሮግራም የሚተርፈው 614 ኪሎባይት ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባለ360 ኪሎባይት 5.25 ኢንች ፍሎፒዎች አሉ፣ ያለኝ ድራይቭ ግን ባለ1.2 ሜጋባይት ነው። ማንበብና መጻፍ ይችላል?

#20 ፍሎፒ_አዳኝ

ማንበብ አዎ፣ መጻፍ አታስበው። የ1.2 ድራይቭ 80 ትራክ ስለሚሠራ ሄዱ ጠባብ ነው፣ የ360ው ሰፊ። በጠባቡ ሄድ በሰፊው ትራክ መሃል አዲስ ስትጽፍ በግራና በቀኝ አሮጌው ጽሑፍ ይተርፋል። ያው ድራይቭ መልሶ ያነበዋል፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል፤ እውነተኛው 360 ድራይቭ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ሰምቶ ግራ ይጋባል። መጻፊያውን ኖች አሁኑኑ በቴፕ ሸፍን፤ በ5.25 የተሸፈነ ማለት መጻፍ የተከለከለ ነው፣ ከ3.5ቱ ቀዳዳ ተቃራኒ ነው።

ከማስገባትህ በፊት ዲስኩን በመሃሉ ቀዳዳ በጣት እያዞርክ በሄድ መስኮቱ በኩል በብርሃን ላይ እየው። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው። እንዳለ ካስገባኸው ሄዱ ላይ ይጋገራል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይልጠዋል። አዲስ ክብ ጭረት ካየህ ወዲያው አውጣ፣ ሄዱን በአይሶፕሮፒል አጽዳ፣ ያንን ዲስክ ለብቻ አስቀምጥ።

ዶስ «ዳታ ኤረር» ባለ ቁጥር «ሪትራይ» አትበል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ሄዱን በዚያው የሞተ ቦታ ላይ ያሻሸዋል። ለማይተካ ዲስክ ግሪስዊዝል የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ይሻላል፦ ድራይቩን በዩኤስቢ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛል፣ ሴክተር ሳይሆን የመግነጢሱን ለውጥ ራሱን ይመዘግባል። አንድ ጊዜ 3 ዙር ካነበብክ ቀሪው ሥራ ፋይሉ ላይ ነው፣ ዲስኩን መልሰህ አትነካም። የማኪንቶሽ ባለ800 ኪሎባይት ዲስክም የፒሲ መቆጣጠሪያ ጭራሽ አያነበውም፤ በዚህኛው ግን ይወጣል።

#21 ሰማንያ_ስድስት

ኖቾቹ ተሸፍነዋል። አሥራ አንድ ዲስክ ታየ፣ ሁለቱ ሻጋታ አላቸው፣ ተለይተው ተቀምጠዋል።

#22 ፍሎፒ_አዳኝ

ሁለቱን መጨረሻ ላይ ተወው። ዘጠኙን ምስል አድርግ፣ ሄዱን አጽዳ፣ ከዚያ ወደ እነሱ ና።